መሬቱን ሳታውቅ ማሽኑን አትመን

ልጄ፣ ያንን የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዘህ ጅቡቲ ባሕር ዳር ልትወርድ እንዳሰብክ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዝልኝ፦ መሬቱን ሳታውቅ ማሽኑን አትመን።

እዚህ ጎሮ ሜዳ ላይ ያስቸገረህ የፌሮ ቁራጭ፣ ምስማርና ቆርኪ ነው። ቆፍረህ ስታወጣቸው ትገላገላለህ። ባሕር ዳር የሚያስቸግርህ ግን ራሱ መሬቱ ነው። ያ አገር እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራው የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ዳርቻ የሚገኘው ጥቁር አሸዋ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለበት፤ የባሕሩ ጨው ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ማሽኑ ለሁለቱም ይጮሃል። ጠባያቸው ስለሚለያይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ማሽን ለአንዱ ሲስተካከል በሌላው ይደናገራል።

ስለዚህ እንደደረስክ ለመቆፈር አትቸኩል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለህ ደረቁ አሸዋ ላይ ጎትተው። ጥቁሩ ብናኝ እንደ ጢም ቆሞ ከተጣበቀበት መሬቱ ከባድ መሆኑን እወቅ። ከዚያ ቁራጭ ብረት ያልተቀበረበት ቦታ ፈልገህ የማሽኑን ክብ ራስ ወደ መሬት ዝቅ ከፍ እያደረግክ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ አስተካክለው። ከደረቁ ወደ እርጥቡ አሸዋ ስትሻገር እንደገና አስተካክል። ጩኸቱ ካላቆመ ሴንሲቲቪቲውን ቀንስ። ጥልቀት አጣለሁ ብለህ አትስጋ፤ እየተንጫጫ ከሚያደናግርህ ማሽን ረግቶ የሚሠራው ይሻልሃል። ክቡን ራስ ከአሸዋው እኩል ከፍታ ላይ ይዘህ ቀስ ብለህ አመላልሰው።

የጨዉን ድምፅ ጨርሶ ማፈን ያጓጓል፤ ተጠንቀቅ። የቀጭን ወርቅ ሐብል ምልክት ከጨው ምልክት ጋር ይቀራረባልና አንዱን ስታፍን ሌላውም አብሮ ይቀራል። በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩት ማሽኖችና ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት እንዲህ ያለውን መሬት የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ፐልሱ ግን ተራ ብረትን ከወርቅ በደንብ ስለማይለይ ብዙ ያስቆፍርሃል።

የአገሩን ሕግ ሳትጠይቅ አካፋ አታንሳ። እኛም አገር ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፤ ወርቅ ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አትቆፍር፤ ማሽኑ ለቆርኪም ለፈንጂም ይጮሃል። ቀለበት ካገኘህ ባለቤቱን ፈልግ፤ የቆፈርከውን ጉድጓድ ድፈን፤ ሕፃናት የሚሮጡበት ዳርቻ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመሄድህ በፊት ግቢህ ውስጥ ቀለበት፣ ሳንቲምና ቆርኪ ቅበርና የእያንዳንዱን ድምፅ ሳታይ እስክትለይ ድረስ ተለማመድ። ማሽኑን እዚህ ጨርሰህ እወቀው፤ እዚያ ሄደህ የምትማረው አሸዋውንና ጨዉን ብቻ ይሁን።