የነገሌው ጉድጓድና የአቤቱታ መብት

መብት ምንድን ነው? ከበላይ የሚወርድ ችሮታ ነው ወይስ ሰው በሰውነቱ ይዞት የሚወለድ ገንዘቡ? በ1776 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ያወጡት ሰዎች፣ መንግሥታት ትክክለኛ ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከሚተዳደረው ሕዝብ ፈቃድ ነው ብለው መልሰዋል። በ1791ም ሕዝብ በደሉ ይታረምለት ዘንድ ለመንግሥት አቤት የማለት መብቱ እንዳይነካ በሕገ መንግሥታቸው የመጀመሪያ ማሻሻያ ደነገጉ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገር ነበር። ሁለቱ ድንጋጌዎች በቃል ይቀራረባሉ፤ በመሠረታቸው ግን ይራራቃሉ። በመጀመሪያው መብቱ የሕዝብ ነው፤ ሕግ አጥር ይሆንለታል። በሁለተኛው ሕገ መንግሥቱ ራሱ የንጉሥ ስጦታ ነበርና፣ ሰጪው ጆሮውን የነሣ ዕለት መብቱ ከወረቀት አይወርድም።

ይህ ልዩነት ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ በገሃድ ታየ። በዚያ የሰፈረው የምድር ጦር ወታደር በምግቡ ብልሽትና በውሃ እጦት ተማሮ ነበር። የራሱ ጉድጓድ አገልግሎት ቢያቋርጥ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ፤ በዚህም አለቆቹን አሰረ። ሊያጣራ የተላከው የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለም ተይዞ፣ ወታደሩ ከሚበላው እንዲበላ፣ ከሚጠጣው እንዲጠጣ ተደረገ። የሚሰማው ያጣ አቤቱታ በመጨረሻ ጠመንጃ አንሥቶ ቆመ።

የሚያስደንቀው ግን ይህ የሆነበት ምድር ነው። በቦረና ቆላ የጉድጓድ ውሃ ያለ ሕግ አይቀዳም። ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ተራ ጠባቂ፣ አባ ሄረጋ፣ አላቸው፤ ጉድጓዱ ባለቤት ቢኖረውም ለተጠማ ሰው ውሃ መንፈግ ነውር ነው። ሕጉንም አንድ ሰው አልሰጠውም። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ያወጣል፣ ያድሳል፤ አባ ገዳው ራሱ በዚያ ሸንጎ ፊት ይጠየቃል። እንግዲህ ሥልጣን ከተገዢው ፈቃድ ይመነጫል የሚለው ሐሳብ ለዚህ አገር ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ፍጹም የሆነ ሥርዓት የለም። የአሜሪካ መሥራቾች ስለ እኩልነት ሲጽፉ ባሪያ ነበራቸው፤ ባርነት በሕገ መንግሥት የተከለከለው በ1865 ነው። በገዳ ሸንጎም ሴቶች እንደ ወንዶች ሥልጣን አልያዙም። ከሁሉ የሚመርረው ግን የ1966ቱ ትምህርት ነው። አቤት በማለት የጀመረው ወታደር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ፣ በዚያው ዕለት ሕገ መንግሥቱን አግዶ ሥራ ማቆምንና ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣትን ከለከለ። የተጠማው ጠጣና ጉድጓዱን በተራው ከደነ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን፣ የሰላማዊ ሰልፍንና የአቤቱታን መብት ያውቃል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን የመብት መፈተኛው የራስን ጥም መናገር ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው በእጅ በገባ ጊዜ የሌላውን ተራ መጠበቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሕዝብ ጌታ ይለውጣል እንጂ ነፃ አይወጣም።