ከሆስፒታል የተመለሰውን ሰው ስለ መጠየቅ

በአገራችን ለኀዘንተኛና ለሕመምተኛ የተሠራው ሥርዓት ብዙ ነው። ሰው የሞተበት እንደ ሆነ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቡና አፍልቶ ይመጣል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው እየተቈጠረ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይውል ይደረጋል። ሴት የወለደች እንደ ሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትባላለች፤ ገንፎም ይገነፋል። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛውን ሰው ብርቱካንና ሙዝ ያንጠለጠለ ጠያቂ ከደጁ አይጠፋበትም፤ ሲወጣም እንኳን እግዚአብሔር ማረህ የማይለው የለም። ነገር ግን ከሆስፒታል ሲመለስ ምን እንደሚባል ማንም የማያውቀው አንድ ሰው አለ። ይኸውም በገዛ እጁ ራሱን ጎድቶ ሐኪሞች ያተረፉት ሰው ነው። ለዚህ ሰው ሥርዓት አልተሠራለትም። ቤተ ሰቡ ሆዱን አሞት ነው ይላል፤ ጎረቤት ያመነ መስሎ በጓሮ ያንሾካሹካል፤ ጓደኛውም ምን ልበለው እያለ መንገድ ይቀይራል።

እኔ ብዙ ዘመን ያስተማርሁ ሰው ነኝና በዚህ ነገር የበደልሁትን አስቀድሜ ልናገር። በ1986 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ ሳስተምር፣ ኃላፊ በሆንሁበት በ11ኛ ክፍል የነበረ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሳይታሰብ ከትምህርት ቀረ። ወሬው ከሦስት ቀን በኋላ ደረሰን። እኔም ከሁለት መምህራን ጋራ ብርቱካን ገዝተን ሆስፒታል ሄድንና ከአልጋው አጠገብ ቆሜ መከርሁት። ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኗን፣ የእናቱን ድካም፣ አገሩ ከእርሱ የምትጠብቀውን፣ ያልነገርሁት ነገር የለም። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን እንደ ጸጸት ቈጥሬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወደ ትምህርት በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ክፍሉን ሰብስቤ፣ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ያነሣ ተማሪ ይቀጣል ብዬ አዘዝሁ። ትእዛዙም ተፈጸመ። ማንም አንድ ቃል አላነሣም፤ ማንም ግን ከልጁ ጋራ አብሮ አልተቀመጠም፤ እኔም ራሴ ከዚያ ቀን ወዲያ ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። በመጀመሪያ ከመጠን በላይ ተናገርሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገርሁም፤ በሁለቱም ጊዜ የታሰበኝ የራሴ ጭንቀት እንጂ ልጁ አልነበረም።

ተግሣጽ ይገባዋል የሚሉ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም። ሕይወትን የሚያከብር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያስፈራዋል፤ ፍርሃትም ብዙ ጊዜ ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ልጇ ከመኪና ለጥቂት የተረፈላት እናት ከመሳሟ በፊት በጥፊ እንደምትለው ማለት ነው። ነገር ግን ከዚህ የደረሰ ሰው ከማንም አስቀድሞ በራሱ ላይ ፈርዷል። ለቤተ ሰቤ ሸክም ሆኛለሁ፣ እኔ ባልኖር ይቀላቸዋል የሚል ሐሳብ ሲያንገላታው የቈየ ብዙ ነው። እኛ ደግሞ መጥተን ቤተ ሰብህን አዋረድህ ስንለው፣ ያንኑ ሐሳቡን እውነት ነው ብለን ማኅተም መምታታችን ነው። ሕግ እንኳ ከዚህ የፍርድ ወንበር ተነሥቷል። በእንግሊዝ አገር ራስን ለማጥፋት መሞከር እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ ወንጀል ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። የእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሌላውን ሰው ወደዚህ የሚገፋፋውንና የሚረዳውን ይቀጣል እንጂ ሞክሮ የተረፈውን አይቀጣም። ዳኛው ከተነሣበት ወንበር ላይ ጎረቤት ምን ብሎ ይቀመጣል? (በሌላ በኩል ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ያደረጉትን በቴአትርና በግጥም ስናወድስ እንኖራለን። የንጉሡን ሞት ማድነቅና የጎረቤትን ልጅ ማሳፈር በአንድ አፍ እንዴት እንደ ተስማሙ አይገባኝም፤ እኔ ሁለቱንም አልወድድም።) ስለ ሞተው ሰው ፍትሐት የሚከራከሩ ይከራከሩ፤ የእኔ ነገር ስለ ሕያው ነው።

ዝም ማለት ይሻላል የሚሉት ደግሞ፣ ብናነሣበት እናስታውሰዋለን ይላሉ፤ እርሱ የረሳው ይመስል! ይህን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አንድን ሰው ራስህን የመጉዳት ሐሳብ አሁንም ይመጣብሃል ወይ ብሎ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይዘራበትም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያቀልለታል። ምክንያቱን መመርመር ግን ሌላ ነው። ለምን አደረግኸው የሚለው ጥያቄ ሰውን እንደ ተከሳሽ ያቆመዋል፤ ምክንያቱም ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። የእኔን ተማሪ ምን እንዳደረሰው ዛሬም በሙሉ አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የምንሳሳተው በጊዜው ላይ ነው። ሐኪሙ ያሰናበተው ሰው ድኗል ብለን እናስባለን። ነገር ግን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀኖችና ሳምንቶች እጅግ የሚያሠጉ ናቸው። ሆስፒታል ሳለ ነርስ ይመጣል፣ ጠያቂ ይመጣል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ያው ክፍል፣ ያው ችግር፣ በዚያም ላይ እፍረት ተጨምሮ ይጠብቀዋል። በዓለም በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ቀድሞ አንድ ጊዜ መሞከርም ከአደጋ ምልክቶች ሁሉ የበረታው ነው። ይህን የምጽፈው ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም፤ ሞክረው ከተረፉት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ከዚያ በኋላ በዚህ ሞት አይሞቱም።

ጄሮም ሞቶ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ አንዲት ብዙም የማያውቃት ሴት ትጽፍለት የነበረው ደብዳቤ እንዴት እንዳጽናናው አልረሳም ነበርና፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ከሆስፒታል ወጥተው ሕክምናቸውን ያልቀጠሉ 843 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ አጭር ደብዳቤ ይላክላቸው ጀመር፤ እንደምን እንዳሉ የሚያስብ ሰው መኖሩን ከመግለጥ በቀር ምክርም ትእዛዝም የሌለበት ደብዳቤ። ይህም አምስት ዓመት ቈየ። ደብዳቤው ከደረሳቸው መካከል የሞቱት፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ካልደረሳቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና 1,867 ሰዎችን አስመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ ከመውጣታቸው አስቀድሞ አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ፤ ከዚያም በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። ከመጀመሪያዎቹ በመቶ 2.2፣ ከሁለተኞቹ በመቶ 0.2 ብቻ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በኋላ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ይህን ያህል ብርቱ ውጤት አላገኙም፤ ቢሆንም እኔን ያስገረመኝ የመድኃኒቱ ቀላልነት ነው። ዘጠኝ ጊዜ ደኅና ነህ ወይ መባል! እኛ ለለቅሶ ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ እንመላለሳለን።

በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የሐዋርያትን ሥራ ስናጠና የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ታሪክ ለእኔ የመሬት መናወጥ ታሪክ ብቻ ነበረ። አሁን በሽምግልናዬ ሳነበው ሌላ ነገር አየሁበት። እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ሰይፉን በራሱ ላይ የመዘዘውን ሰው፣ ጳውሎስ ከጨለማው ውስጥ ጮኾ ራሱን እንዳይጎዳ፣ እነርሱም ሁላቸው በዚያው እንዳሉ ነገረው። ምክንያቱን አልጠየቀውም፤ ስለ ኃጢአትም አልሰበከለትም። ስብከቱ የመጣው ሰውዬው ራሱ ከጠየቀ በኋላ ነው። ኤልያስም ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ይዞለት የመጣው እንጎቻና ውሃ ነበር፤ አንድ ጊዜ መጥቶም አልቀረም፣ ሁለተኛ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ መጠየቅ ማለት ይህ ነው። በቀጠሮው ቀን ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ፣ ወረፋ ሲጠብቅ አጠገቡ መቀመጥ፣ ለጉዳት ሊውል የሚችለውን ነገር ቤተ ሰቡ ከቤት እንዲያርቅ ወይም እንዲቈልፍ ማሳሰብ፣ ኳስ ሲኖር መጥራት፣ ባይመጣም ደግሞ መጥራት። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበረ የከተማው ሰው ስሙን መሳደቢያ አድርጎታል፤ አማኑኤል ይግባ እያላችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። ከመካከላችሁ ለክትትል በእርግጥ ወደዚያ የሚመላለስ ልጅ ቢኖር በሳቃችሁ መካከል ምን እንደሚሰማው አስቡ። የቃሉስ ትርጓሜ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር አይደለምን?

ለእናንተ ለወጣቶች ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የምስጢር ነገር ነው። ጓደኛህ እንደ ገና እያሰብሁ ነው፣ ለማንም እንዳትነግር ብሎ ያስምልህ ይሆናል። መሐላ ማፍረስ ነውር መሆኑን ያስተማርናችሁ እኛው ነን። ነገር ግን ምስጢር ሁለት ዓይነት ነው። ያለፈው ነገር የእርሱ ንብረት ነውና ለማንም አትናገርበት፤ ለዘመድህም ቢሆን። የሚመጣው አደጋ ግን ብቻህን የምትሸከመው አይደለም። ይህን ልደብቅልህ አልችልም፣ ስለምወድህ ለሰው እነግራለሁ ብለህ በፊቱ ተናገር፤ ብቻውን አትተወው፤ ወላጁን፣ የምታምነውን መምህር ወይም ሐኪም ፈልግ፤ ነገሩ የቀረበ ከሆነም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ። ይቆጣህ ይሆናል፣ ወዳጅነታችሁም ይቀር ይሆናል። በሕይወት ያለ ጓደኛ ግን ሊታረቅህ ይችላል። ይህን ሁሉ አድርጎም ጓደኛውን ያጣ ሰው አለ፤ እርሱንም በደለኛ ነህ የሚል ቢኖር አላዋቂ ነው።

ያን ተማሪ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አገኘሁት። እርሱ ነው ያወቀኝ፤ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ቡና ቤት ተቀምጠን ለዓመታት የከበደኝን ነገር አነሣሁና ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ከምክርዎ አንድ ቃል አላስታውስም፤ ብርቱካኑን ግን አስታውሳለሁ» አለኝ። ከዚያም ስለ ትምህርት ቤታችን ዘበኛ አጫወተኝ። እኒያ ሽማግሌ ልጁ በተመለሰበት ሳምንት ጧት በር ላይ ጠርተውት፣ ክንዴን ያመኛል ብለው እንደ ደወል የሚያገለግለውን ቸርኬ እንዲመታላቸው ብረቱን ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ ብረቱን ሲያቀብሉት፣ «ልጄ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ይሉታል። ሌሊት የሚረዝምበትን ሰው የሚያውቅ ዘበኛ ነውና። ደኅና ነበር ካለ ቆሎ ያካፍሉታል፤ ክፉ ነበር ካለም ቆሎ ያካፍሉታል፤ ደወሉን ከመታ በኋላም ትንሽ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። አንድ ቀን ልጁ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ሽማግሌው በሩን ለሌላ ሰው አስይዘው፣ እየጠያየቁ ቤቱ ድረስ በእግራቸው መጡ። እናቱ ደንግጣ ምን ሆኑ ብትላቸው፣ «ምንም አልሆንሁ፤ ነገ ደወሉን ማን ይመታልኛል ብዬ ነው» አሉና ከልጁ አልጋ አጠገብ ከዱካው ላይ ተቀመጡ።