ከቀለሙ በታች ያለው እውነት

አሮጌ መኪና መቀባት ማስመሰል ነው ወይስ እንክብካቤ? እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተውን ባለ 40 ሞዴሉን ቶዮታ ላንድክሩዘር እንውሰድ። አካሉ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ይዝጋል። በዝገት ላይ የተደረበ ቀለም ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆመውም፤ ቆይቶ ያብጣል፣ ይላጣል። አቅሙ ውስን የሆነ ባለቤት ዝገቱን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቅባቱን አጥቦ፣ ፀረ ዝገት ቀብቶ፣ ተራ የኢናሜል ቀለም በሮለር ስስ አድርጎ ቢደራርብ፣ አብዛኛው ድካሙ በመጨረሻ አይታይም። የመልክን እውነተኛነት የሚወስነውም ይኸው የማይታይ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 በኖራ የተለሰኑ መቃብሮችን ስለሚነቅፍ፣ የውጭ ውበት ሁሉ ግብዝነት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን እዚያው ቀደም ብሎ የተሰጠው ትእዛዝ የውጩን ውበት መተው ሳይሆን ውስጡን አስቀድሞ ማጥራት ነው። ተግሣጹ በቅደም ተከተሉ መዛባት ላይ እንጂ በውበቱ ላይ አይደለም። ሌላው ደግሞ በርካሽ የተሠራ ቀለም የፋብሪካ ወዝ ስለሌለው ከንቱ ልፋት ነው ይላል። የሮለሩ ሸካራ አሻራ ግን ማንንም አይዋሽም፤ የሠራውን እጅና አቅም በግልጽ ያሳያል። የሚዋሸው የበሰበሰ ቆርቆሮ በስቱኮ ደፍኖ፣ አብለጭልጮ ለገዢ የሚያቀርብ ነው፤ ቀለሙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። ድህነት ሥራን አያረክስም፤ የሚያረክሰው መደበቅ ነው። ስለዚህ የምንቀባውን ሁሉ፣ ብረትም ይሁን ስማችን፣ መጀመሪያ መፋቅ ግዴታችን ነው።