ጀማሪ የሕግ ባለሙያ ከሸዋ ሮቢት ሲነሣ

በኢትዮጵያ አንድ ወጥ የጥብቅና ፈቃድ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የዳኝነት ሥልጣንን ለፌዴራልና ለክልል ካከፋፈለ ወዲህ፣ በክልል ጉዳይ የሚከራከር ጠበቃ ፈቃዱን ከክልሉ ያገኛል፤ የፌዴራሉን ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ሥርዓቱ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሥራ የጀመረ ወጣት የያዘው ጉዳይ ከወረዳ ፍርድ ቤት ተነሥቶ፣ በይግባኝ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ዋና መቀመጫው ባሕር ዳር ወደሆነው የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ባሕር ዳር በመኪና ከዚያ እጥፍ በላይ ይርቃል። በፈቃድ ሲታሰብ ግን የቀረበው ባሕር ዳር፣ የራቀው አዲስ አበባ ነው። ሸዋ ሮቢት ካለችበት ከይፋት ቆላ ተነሥቶ አዲስ አበባ ልደታ ችሎት ለመቆም የሚያስብ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊረዳ ይገባል።

ወጣትነት ለመዛወር ጥሩ ጊዜ ነው። ደንበኛው ገና አልበዛም፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱም አልከበደም። የሚጎዳው ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ትቶ እንደሚሄድ ሳይለይ የሚነሣው ነው፤ የሕግ እውቀት ሁሉ እኩል አይጓዝምና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አሠሪና ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅና የንግድ ሕጉ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳም በአዲስ አበባው አራዳም ያው ናቸው። የይፋት ጠበቃ እንጀራውን በብዛት የሚያገኝባቸው ሁለቱ ሕጎች ግን የክልል ናቸው፤ አንዱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ሌላው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። በአዲስ አበባ ባልና ሚስት የሚዳኙት በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ የሁለቱ ይዘት በብዙ ስለሚቀራረብ ይህ አያስቸግርም። የገጠር መሬቱ እውቀት ግን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ይፈታል። በዚያ የሚጠብቀው የሊዝ ይዞታ፣ የኮንዶሚኒየም ቤት፣ የአክሲዮን ድርሻ፣ የባንክ መያዣ፣ የታክስና የጉምሩክ ክርክር ነው።

ሆኖም ከመሬት ክርክር የሚገኘው ልምድ ከአዋጁ ይሰፋል። በቆላው የሽንኩርት መስኖ ላይ የሚነሣ የወሰን ወይም የኪራይ ክርክር የይዞታ ደብተሩን፣ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብን፣ የአዋሳኝ ገበሬዎችን ቃልና አንዳንዴም ሽማግሌዎች የጻፉትን የእርቅ ወረቀት አንድ ላይ ያመጣል። ምስክር በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው፣ ከሌላ የሰማውን ደግሞ በራሱ ከገመተው እየለዩ መጠየቅ ችሎት ላይ ብቻ የሚለመድ ጥበብ ነው። አንድን ጉዳይ ከክስ ማመልከቻ እስከ አፈጻጸም መዝገብ ራሱ ይዞ የጨረሰ የወረዳ ጀማሪ፣ በትልቅ ቢሮ ተቀምጦ የውል አንቀጽ ብቻ ሲያርም ከከረመ እኩያው በዳኛ ፊት ይበልጣል። የወረዳው ልጅ ግን የሚደክመው በሰነድ ላይ ነው። የከተማው የንግድ ክርክር በቃለ ጉባኤ፣ በኦዲት ሪፖርትና በባንክ ሒሳብ መግለጫ የሚወሰን ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር እንዲያያዝ ስለሚያዝም፣ ሰነዱን በኋላ እፈልገዋለሁ ያለ ባለሙያ ገና ሲጀምር ይሰናከላል።

በዚህ ምክንያት ከምርቃት በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት በአካባቢ መሥራት እጅግ ይመከራል። ለፈቃድ የሚጠየቀው የሥራ ልምድ በጥብቅና ቢሮ ብቻ አይገኝም፤ ረዳት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃ ወይም የመሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኖ የሠራም ልምድ ያከማቻል። በክልሉ ወጪ ሠልጥኖ የአገልግሎት ግዴታ የፈረመ ግን ግዴታውን ሳይጨርስ መነሣት የለበትም፤ የሥራ ልምድና የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ የሚጽፍለት ያው የለቀቀው መሥሪያ ቤት ነው። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ በላይ ሊነበብ የሚገባው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅጽ በቅጽ የሚያሳትመው የሰበር ውሳኔ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በክልልም በፌዴራልም ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቶታል። ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ያነበበው ሰበር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቃል ሳትጎድልበት ያገለግላል።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ ብዙ ወረዳ የሌለው የፌዴራል በር አላት፤ የፌዴራል ማረሚያ ቤት። አዲስ አበባ ላይ ከተፈረደባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ፍርዳቸውን የሚፈጽሙት እዚህ ነው። ለእነዚህ ታራሚዎች በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚያገለግል ወጣት ከከተማው ሳይወጣ የፌዴራል የወንጀል መዝገብ ያነባል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ ቅሬታው የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን መቅረብ እንዳለበት፣ በወንጀል ሕጉ መሠረት ደግሞ አመክሮ በመርሕ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ በኋላ እንደሚታይ ያውቃል። ከፌዴራል ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት የፌዴራል ዳኛ እንዴት እንደሚጽፍ ለማወቅ ከዚህ የቀረበ ትምህርት ቤት የለም፤ ታራሚውም ይጠቀማል።

መዛወር ሲባል አዲስ አበባን ብቻ ማሰብ የይፋትን ሀብት መርሳት ነው። በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ቢሄዱ ሰንበቴ ትገኛለች፤ አልፎም ከሚሴ። ሁለቱም በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ናቸው፤ የመሬቱና የቤተሰቡ ሕግ ያው የክልሉ ሲሆን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በይፋት አማርኛና አፋን ኦሮሞ አጣርቶ የሚናገር ወጣት ብዙ ነው፤ የሕግ ዲግሪ ሲጨምርበት እዚያው በቅርብ ተፈላጊ ይሆናል። ኦሮምያ ክልል ለመሻገርም ይኸው ቋንቋ ግድ ነው። በምሥራቅ በኩል በአፋር ክልል ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ቋንቋና ከመደበኛው ፍርድ ቤት ቀድሞ የሚሠራ የሽማግሌዎች ዳኝነት ይጠብቃል፤ ያንን ዳኝነት ሳያከብር የሚሄድ ጠበቃ ብዙም አይሰማም። ውጭ አገር የሚያልም ደግሞ ትምህርት ወደኋላ ተመልሶ እንደሚጀመር ይወቅ። በኒው ዮርክ ለምሳሌ የሌላ አገር የሕግ ተመራቂ ብዙውን ጊዜ ለጥብቅና ፈተና የሚቀመጠው በአሜሪካ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ የገባ ጀማሪ ወዲያው የራሱን ቢሮ መክፈት አይኖርበትም። የቤት ኪራዩ ገቢውን ይቀድመዋል፤ የተቸገረ ጠበቃም በፍርድ ቤት ደጅ ደንበኛ የሚያቀርቡ ደላሎች እጅ ይወድቃል፤ እዚያ የተበላሸ ስም በቶሎ አይጠገንም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ ስለፈቀደ፣ በነባር ጠበቆች ሥር ደመወዝ እየበሉ መማር ካለፈው ዘመን ይልቅ ተመቻችቷል። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው፤ አዲስ ገቢ ቀድሞ ሊተዋወቅ የሚገባው ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ነው።

ከመነሣት በፊት የሚቀረው ትልቁ ሥራ መዝገብ ማስረከብ ነው። የደንበኛው ዋና ሰነድ በእጁ ይመለሳል፣ ያልተሠራበት ክፍያ ይመለሳል፣ ለሚተካው ጠበቃ አዲስ ውክልና ይሰጣል፣ የቀጠሮው ቀን በጽሑፍ ይነገራል፣ ችሎቱም እንዲያውቀው ይደረጋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቂት ሳምንት ይበቃል። ሳያደርግ የሄደ ጠበቃ የሚጎዳው ከራሱ በፊት ሌላውን ነው። ከጀውሃ ወይም ከካራ ቆሬ መጥቶ የመሬቱን ነገር በወጣቱ ላይ የጣለ ገበሬ ጠበቃ አለኝ ብሎ ቀጠሮውን ሊተው ይችላል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 74 መሠረት ያው ገበሬ በዚያው ጉዳይ እንደገና መክሰስ አይችልም፤ የቀረበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ መዝገቡን ለማስከፈት ያለው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነው።