መጀመሪያ ስሟት

 

ኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረ.ዐ.) ታስታውሷታላችሁ? ባሏ በጃሂሊያ ልማድ እንደ እናቱ እርም አደረጋት። አልፈታትም፣ እንደ ሚስትም አልያዛት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ልጆች አሏት፣ መሄጃ የላትም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጥታ ስሞታዋን አቀረበች፣ ተከራከረችም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እዚያው ቤት ሆና ከንግግሯ ከፊሉን አልሰማችም ነበር። አላህ ግን ሰማ። የሱረቱል ሙጃደላህ መጀመሪያ በእሷ ጉዳይ ወረደ፤ ያ ልማድም ተወገዘ፣ የፈጸመው ሰው የሚከፍለው ከፋራም ተደነገገ።

ያ ጀማዓ፣ ልብ በሉ። ከመፍትሔው በፊት መሰማቷ ተነገረ። ለተቸገሩ ሴቶች ማህበር ልናቋቁም ስናስብ መጀመሪያችን ይህ ይሁን።

ፒያሳን የምታውቁ ዶሮ ማነቂያን ታውቃላችሁ። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ግቢው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ። ኑሮው ከባድ ነበር። ነገር ግን አንዷ ሌሊት ብትጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት አለ፣ ስትታመም ልጇን የሚይዝላት አለ። እርግጥ ሁሉም ጎረቤት አይደርስም፤ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ በሩን የሚዘጋም ነበር። ቢሆንም የሚሰማ ጆሮ ቅርብ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ተብሎ ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደተለያየ አቅጣጫ ተበተነ። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ጎረቤት ግን ከቤት ቁልፍ ጋር አይታደልም። እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ ትሸጥ የነበረች እናት ምጣዷን ይዛ ብትሄድም ደንበኞቿን ይዛ አትሄድም። ባሏ የሚመታት እህት አዲሱ ፎቅ ላይ ብትጮህ ማን ነው ብሎ የሚያንኳኳ ላይኖር ይችላል። አጠገቧ ያሉትም እንደሷ እንግዳ ናቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚያስበው የማህበሩን ስምና አርማ ነው። ቀጥሎ ረመዷን ሲደርስ ዘይትና ሩዝ ገዝቶ፣ ተቀባይዋን መሐል አቁሞ ፎቶ ማንሳት። ወንድሜ፣ ያ ፎቶ ልጇ ትምህርት ቤት ሄዶ ይጠብቀዋል። ሱረቱል በቀራህ ላይ አላህ ሶደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሸው አስጠንቅቆናል። ሶደቃ ሰጥታችሁ ሰትሯን ከገፈፋችሁ የሰጣችኋትን መልሳችሁ ወሰዳችሁባት።

ከዚህችው ከተማ አንድ ምሳሌ እነሆ። የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበርን መሠረተች። ጥቃት ደርሶባቸው ከቤት ለወጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ፣ ሕክምና፣ የምክርና የሕግ ድጋፍ፣ የሙያ ሥልጠናም የሚሰጥ ማህበር ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ ማደሪያ፣ ሐኪም፣ የሚያዳምጣት ሰው፣ ጠበቃ፣ ከዚያም በእጇ ሠርታ የምትኖርበት ሙያ። አንድ ካርቶን ዘይት ይህን ሁሉ አይሸፍንም። እንዲህ ዓይነት መጠለያ አድራሻውን በአደባባይ አይናገርም፤ ሰትር ማለት አንዳንዴ ሕይወት ማትረፍ ነውና።

እኛ መጠለያ መክፈት አንችል ይሆናል። የምንችለው ግን አለ።

አዳማጮቹ እህቶች ይሁኑ። ወንድሞች ብቻቸውን የሴት ቤት አይሂዱ፤ ለእነሱም ለእሷም ክብር ነው። ስትሄዱ «ምን ይዘንልሽ እንምጣ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነሽ?» በሉና ዝም ብላችሁ አድምጡ። አንዷ የቤት ኪራይ ነው የጎደላት፣ ሌላዋ መድኃኒት፣ ሌላዋ ፍርድ ቤት አብሯት የሚቆም ሰው። የሰማችሁትን ለሌላ አታውሩ፣ አማና ነው።

ድብደባ ወይም መደፈር ከሆነ በሽምግልና አስታርቃችሁ ወደ በዳይዋ አትመልሷት። ከሐኪም፣ ከፖሊስና እንዲህ ካሉ መጠለያዎች ጋር አገናኟት። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ለሚችል ማስረከብ የአማናው አካል ነው።

ገንዘቡን ሁለትና ሦስት ሰው ይያዘው፣ እያንዳንዱ ብር ይጻፍ። ዘካ በሱረቱት ተውባህ ለተዘረዘሩት 8 ወገኖች ብቻ ነው፤ ከሶደቃ ጋር አትቀላቅሉት። ሶደቃው ሰፊ ነው። የዶሮ ማነቂያ ግቢ የሙስሊምና የክርስቲያን ነበር፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ሃይማኖት አይጠይቅም። ሥራው ሰፍቶ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሲጀምር በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሕግ ተመዝገቡ። ኒያችን ንጹሕ ነው ማለት ሒሳብን አይተካም።

«ገንዘብ የለንም» የሚል ካለ እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ.) ያስታውስ። በገዛ እጇ ቆዳ ታለፋ ነበር፣ ያገኘችውንም ትመጸውት ነበር። 10 ጓደኛሞች በወር 200 ብር ቢያዋጡ 2,000 ብር ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ እጅግ ተወዳጁ ሥራ፣ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል። ባሏ ለሞተባትና ለሚስኪን የሚደክም ሰውም በአላህ መንገድ እንደሚታገል መሆኑን ነግረውናል።

ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው ሳለ ኸውላ መንገድ ላይ አስቁማ ስትገሥጻቸው ቆመው እንዳዳመጧት ተዘግቧል። ሰዎች ሲገረሙ፣ አላህ የሰማትን ሴት እኔ እንዴት አልሰማም የሚል መልስ ሰጡ። የአገር መሪ ለዚህ ጊዜ ካገኘ እኛ ስንት ሰዓት ስልካችን ላይ እናጠፋለን?

ዛሬ ከዐስር ሰላት በፊት ከሰፈራችሁ ለተነሳች አንዲት እናት ደውሉ። እንዴት ናት በሉ፣ አድምጧት። ማህበራችሁ በዚያች ስልክ ተጀመረ።

ያ አላህ፣ ሰሚ ላጡት ሰሚ አንተ ነህ። እኛንም የሚሰማ ጆሮ ስጠን፣ ሥራችንን ከይዩልኝ ጠብቅልን፣ የተበተኑትን በኸይር ሰብስብ። አሚን።