ሁለት የድመት ልጆችና የመምረጥ ዕዳ

መምረጥ ሥልጣን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዕዳም መሆኑን የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። ይህን አሳብ በታላላቅ ጉዳዮች ላይ መመርመር የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ ታናሽ ከሚመስል ነገር፥ ሁለት የድመት ልጆችን መርጦ ወደ ቤት ከመውሰድ ልንጀምር ወደድን፤ አንባቢም በነገሩ ታናሽነት እንዳይስቅብን እንለምናለን።

ድመትንና ሰውን ያዛመዳቸው እህል ነው። ሰው አርሶ እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥን ተከትላም ድመት መጣች። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቈጠረ መቃብር፥ ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት መገኘቱን ሊቃውንት በ1996 ዓ.ም. ገልጸዋል። ጤፍና በቆሎ በሚመረትበት በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠርም ይህ ጥንታዊ ውል እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል፤ ጎተራ ባለበት ድመት ብዙ ጊዜ አይታጣም።

እኛም ለሥራ ቡሬ ተመድበን ሳለ፥ በተከራየነው ቤት አይጥ ቢያስቸግረን፥ አንዲት የድመት ልጅ ከእናቷ ጕያ ነጥለን አመጣን። ዓይኗን ከገለጠች ገና ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች፤ የላም ወተት ብናቀርብላት አልቀመሰችም፤ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ያን ጊዜ «ዕድሏ ነው» ብለን አለፍነው። ኋላ ግን የገደላት ዕድሏ ሳይሆን ምርጫችን መሆኑን ተገነዘብን። የድመት ልጅ ጡት እስክትጥል፥ ከወንድሞቿም ጋር እየታገለች ጥርሷንና ጥፍሯን መቈጣጠር እስክትማር፥ ሁለት ወር ያህል ከእናቷ ዘንድ መቈየት ይገባታልና።

ከዓመት በኋላ፥ በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟ ወደ ታወቀው ወደ ማንኩሳ ወርደን፥ ከከተማዪቱ አጠገብ ከአንዲት ባልቴት ቤት ገባን። ሁለት ወር ያለፋቸው አራት የድመት ልጆች በምድጃው ዳር ይጫወቱ ነበር። ከሁሉ ብርቱ የሆኑትን ሁለቱን አይተን «እነዚህን ይስጡን» አልናቸው። ባልቴቲቱ ግን «ልጄ፥ እነዚህ ሲበሉ ይጣላሉ፥ ሲተኙም ይራራቃሉ። ጕልበት አይተህ አትምረጥ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ አይተህ ምረጥ» አሉን። ቡናው እስኪፈላ ጠበቅን፤ እንዳሉትም አንደኛው ብርቱ ከሲታ ወንድሙን ተደግፎ ተኛ። ሁለቱን ይዘን ተመለስን።

እነሆ ጥያቄው፤ ስንመርጥ የምንመርጠው ለማን ብለን ነው? አንድ ወዳጃችን «ድመት የምትመጣው አይጥ ልትይዝ እንጂ ባልንጀራ ልታገኝ አይደለም፤ ለሰው ያልተረፈ እንጀራ ለሁለት ድመት ከየት ይገኛል?» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ሁለት መቀለብ የማይችል ድኻ አንድ ብቻ ቢወስድ አይወቀስም። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ከወገኑ የሚነጥል ሰው፥ ያጐደለበትን የመተካት ዕዳ አለበት፤ ወይ ባልንጀራውን አብሮ ያምጣለት፥ ወይ በገዛ ጊዜውና በገዛ እጁ ሙቀት ይክፈለው።

የቀሩትስ ሁለቱ? ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። ለሁለቱ ደግ ስንሆን ሌሎቹን ትተናል፤ ከሲታውንም የወሰድነው ለእርሱ አዝነን ሳይሆን ለብርቱው ስንል ነበርና ልንመጻደቅበት አይገባም። ከዕዳ ነጻ የሆነ ምርጫ አላገኘንም።

ዛሬ ይበልጥ አይጥ የሚይዘው ያ ከሲታ የነበረው ነው። ነገር ግን አንድም ባይዝ ኖሮ፥ ምርጫችን ስሕተት ነበር አንልም። እንግዲህ ሠራተኛን ወደ ሩቅ አገር የምንመድብ፥ ተማሪን ከመንደሩ ለትምህርት የምንጠራ ሁላችን፥ የመረጥነው ሰው ምን ይሠራልናል ከማለታችን አስቀድሞ፥ ማንን ትቶ እንደ መጣ ልንጠይቀው ይገባናል።