ውርስና ዕዳ

«የአባት ዕዳ ለልጅ፥ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ሲባል እንሰማለን። አባት ተበድሮ የበላውን ልጅ ይከፍለዋል ማለት ነውና አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በምሬት ነው። ነገር ግን አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሌላ ዐይነት ዕዳ አለ፤ ይኸውም የሙያ ዕዳ ነው። መሬትና ገንዘብ የወረሰ ሰው የወረሰውን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሙያ የወረሰ ግን እንደ ገና ከፊደል ካልጀመረ በቀር በእጁ የገባ ነገር የለም። እንግዲህ ሙያ ይወረሳል ወይ? ቢወረስስ ወራሹ ባለሀብት ነው ወይስ ባለዕዳ? ይህን ጥያቄ በአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ላይ ለመመርመር ፈልገን፥ በጀርመን አገር በቦን ከተማ የሚገኘውን የክላይስን የኦርጋን ሠሪዎች ቤት መርጠናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንናገር። ቃሉ ለሊቃውንቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ አርጋኖነ ውዳሴ የሚባለው የጸሎት መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ዋሽንት የሚያውቅ ሰውም የኦርጋንን ጠባይ ለመረዳት አይቸግረውም። እረኛው በትንፋሹ አንዱን ዋሽንት ያናግራል፤ ኦርጋን ግን በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ቧንቧዎች ባንድ ቤት ተሰብስበው፥ የወናፍ ነፋስ እየተላከላቸው፥ ባንድ ሰው እጅና እግር ትእዛዝ የሚናገሩበት መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ቧንቧ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። የሚሠራውም ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል ነው፤ በታላላቆቹ ኦርጋኖች ረጅሙ ቧንቧ ከ10 ሜትር ሲያልፍ ትንሹ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቧንቧውን መቅረጽ ሳይሆን ማናገር ነው። ባለሙያው የቧንቧውን አፍ በጥቂቱ ይከፍታል፥ ያዳምጣል፥ እንደ ገና ያርማል። ዳኛው ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ በኑዛዜ አይሰጥም።

ዮሐንስ ክላይስ በቦን የኦርጋን መሥሪያ ቤቱን የከፈተው በ1882 ነው። በ1925 ሲሞት ልጁ ሐንስ ተተካ፤ ከሐንስ በኋላ በ1965 ሐንስ ጌርድ፥ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ፊሊፕ ቤቱን ተረከበ። ይህ አራት ትውልድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ሊነሣብን ይችላል። «ልጅ ስለ ሆነ ብቻ የአባቱን ወንበር መያዙ ፍርድ ነው ወይ? ሙያ የሚገባው ለሚችለው እንጂ ለተወለደበት አይደለም» ይለናል። ክርክሩ እውነት ስላለበት ልናልፈው አንችልም። ጎትፍሪድ ዚልበርማን የተባለው ስመ ጥር ኦርጋን ሠሪ በ1753 በድሬስደን ሲሞት ልጅ አልነበረውም፤ የመጨረሻው ታላቅ ሥራውም ገና አላለቀም ነበር። ቀድሞ ተማሪው የነበረው ዛካርያስ ሂልደብራንት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሥራውን ከፍጻሜ አደረሰው። ስለዚህ ወራሽን ወራሽ የሚያደርገው ደም ብቻ አለመሆኑን እናምናለን። በዛሬይቱም ጀርመን ኦርጋን መሥራት የሚማር ወጣት ሦስት ዓመት ተኩል በተለማማጅነት ይቈያል፤ ቧንቧው የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቀውም።

ታዲያ የቤተ ሰብ ስም ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ ተጠያቂ እንዲኖር ማድረጉ ነው። ኦርጋን ከሠሪው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ዛሬ በችኰላ የተጣበቀ እንጨት ነገ ነፋስ ሲያፈስ፥ ጉድለቱን የሚሰማው ሰው ምናልባት ገና አልተወለደም፤ ያጣበቀውም በዚያን ጊዜ በሕይወት አይገኝም። ስሙ በበሩ ላይ ተጽፎ ሲቀር ግን ከሳሽም ተከሳሽም ሳይጠፋ ይቈያል።

የኮሎኝ ካቴድራል ለዚህ ምስክር ነው። በጦርነቱ የተጎዳው ይህ ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋዩ የተጣለበትን 700ኛ ዓመት በ1948 ሲያከብር፥ ሐንስ ክላይስ ኦርጋን ሠራለት። ከ50 ዓመት በኋላ በ1998 በልጅ ልጁ በፊሊፕ ዘመን ሁለተኛ ኦርጋን በዚያው ተተከለ። አዲሱ አሮጌውን አላስወጣውም፤ ሁለቱን አንድ ሰው ከአንድ መቀመጫ ሆኖ በአንድነት ሊያናግራቸው ይችላል። የልጅ ልጁ ሥራ ከአያቱ ሥራ ጋር በየጊዜው እየተመዘነ ይሰማል ማለት ነው። ከዚህ የከበደ ፈተና የለም።

ነገር ግን የሙያ ሕሊና ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ሰው ሥራ ላይ ነው። በፊሊፒን ደሴቶች በላስ ፒኛስ ዲዬጎ ሴራ የተባለ ስፔናዊ ካህን ከ1816 እስከ 1824 የሠራው ኦርጋን አለ። ከ1,031 ቧንቧዎቹ 902ቱ ቀርከሃ ናቸው። ነቀዝ እንዳይበላው ቀርከሃውን በባሕር ዳር አሸዋ ቀብሮ እንዳቈየው ይነገራል። ይህ ኦርጋን አርጅቶ በ1973 ወደ ቦን ተላከ፤ በክላይስ ቤት ታድሶ በ1975 ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲስ የሚሠራ ሰው ስሙን ያስጠራል፤ የሚጠግን ግን ሥራው ባማረ መጠን የራሱ እጅ ይሰወራል። ቀርከሃው ሲናገር የሚመሰገነው ካህኑ ነው። ያም ሆኖ የቦን ባለሙያዎች ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የሞተውን፥ ዘመዳቸውም አገራቸውም ያልሆነውን ሰው ዕዳ እንደ አባታቸው ዕዳ ከፈሉት።

መልሳችንን ከዚህ እናገኛለን። ሙያ የሚወረሰው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው፤ አበዳሪዎቹ ያለፉት ናቸው፥ ክፍያውን የሚቀበሉት ግን ገና የሚመጡት። ይህም ለኦርጋን ሠሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ወንበር የሚቀመጥ ሹም ከእርሱ በፊት የነበረው የጀመረውን ይወርሳል፤ መምህሩም ሌላ መምህር ያስጀመረውን ልጅ ይረከባል። የቀደመውን ሥራ አፍርሶ በራሱ ስም አዲስ መጀመር ለማንም ቀላል ነው። የሌላውን ጅምር ያለ ምስጋና አቃንቶ ለሚቀጥለው ማስረከብ ግን የሰውን ልክ ያሳያል። እኛም ከመቀመጫችን ስንነሣ፥ ተተኪያችን የሚያገኘው ምን ዐይነት ዕዳ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።